ያስተካከላችሁትን መልሱልን፦ የጋራ ኮዳችንን ለምትጠቀሙ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ነጻ ሶፍትዌር ለምትጽፉ፣ ለምትመሩና ለምታሠሩ ሁሉ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ከፍቶኛል እንጂ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው የከፋኝን ነገር ላጫውታችሁና አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው።

ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኜ አንድ የጋራ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ) እንከባከባለሁ። ስሙን የምታውቁት አይመስለኝም፤ ኮዱን ግን ሳታውቁት የምትጠቀሙ ትኖራላችሁ። ውስጡ ያሉት ፋንክሽኖች፣ አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ የኮድ ክፍሎች፣ ለየብቻ ሲታዩ ቁም ነገር አይመስሉም። አንዱ ከፋይል ላይ መስመር ያነባል። አንዱ ሜሞሪ ይጠይቅና ካጣ መልእክት ጽፎ ፕሮግራሙን በሥርዓት ይዘጋል። ሌላው ተጠቃሚው የጻፈውን ቀን ወደ ቁጥር ይቀይራል። ሌላው ደግሞ የፋይል ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ሲያይ ስሙን በጥቅስ ያስገባል። ሁሉም ፕሮግራም የሚፈልጋቸው፣ ማንም ግን ቁጭ ብሎ ሊጽፋቸው የማይፈልግ ነገሮች ናቸው። ደሞዝ የለንም። ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ነው የምንሠራው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ተጠቃሚ ጻፈልን። መስመር አንባቢው ፋንክሽን አልፎ አልፎ ፕሮግራሙን ይጥለዋል አለ። ሁሌ ቢሆን ጥሩ ነበር። አልፎ አልፎ የሚባል ባግ (የኮድ ስህተት) ግን ሰው ያሳብዳል። ሁለት ሌሊት ከፈጀብኝ በኋላ ተያዘ። የፋይሉ የመጨረሻ መስመር በአዲስ መስመር ምልክት ሳይዘጋ ይቀራል። የመስመሩ ርዝመት ደግሞ ከተያዘለት ሜሞሪ ጋር ልክ እኩል ይሆናል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ፋንክሽኑ ጽሑፉ ማለቁን የምታመለክተውን የማሳረጊያ ዜሮ ባይት ከድንበሩ አንድ ባይት አልፎ ይጽፋል። መፍትሔው አንዲት «ሲደመር 1» ናት።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው፤ ስህተቱም የኛው ነው። የከፋኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኮዱን ቀድተው የያዙ ፕሮጀክቶችን ለማስጠንቀቅ ብዬ ኮፒዎቹን አንድ በአንድ ስከፍት፣ አንዱ ዘንድ ያቺ «ሲደመር 1» ቁጭ ብላ አገኘኋት። አጠገቧ አጭር ማስታወሻ አለ። ዋናው ኮድ ስህተት አለበት፣ እዚህ ተስተካክሏል ይላል። ቀኑን አየሁ። ከአራት ዓመት በፊት ነው።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው መልሱን ያውቅ ነበር። የራሱን ፕሮግራም አዳነ። የቀረነው ድንበር እያለፍን ስንጽፍ ከረምን።

የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም። ብቸኛው ጥፋተኛ እሱ አይደለም። ፍለጋውን ስቀጥል ሌሎች ሦስት ፕሮጀክቶች ውስጥ ሌሎች ሦስት ጥገናዎች አገኘሁ። ሁለቱ ትክክል ናቸው፤ እንዲያውም አንደኛው እኛ ከጻፍነው ያምራል። ሦስተኛው ግን አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሌላ ከፍቷል። ለኛ ተልኮ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ «እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» እንለው ነበር። አንዱም ወደ እኛ አልመጣም።

ኮፒ ማድረጋችሁን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ዓይነቱ ላይብረሪ የሚኖረው በኮፒ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላንሳው።

የግኑ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲታወጅ (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሐሳቡ ሙሉ ስርዓተ ክወና (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) በነጻ ሶፍትዌር መሥራት ነበር። ፋይል የሚቀዳው፣ ጽሑፍ የሚፈልገው፣ ማህደር የሚያሽገው ፕሮግራም ለየብቻው ተጻፈ። እያንዳንዱ ግን ከጎኑ እነዚያን ትንንሽ ረዳት ፋይሎች የያዘ ፎልደር ነበረው። አንዱ ከሌላው ይወስዳል፤ ለራሱ እንዲመቸው ይነካካዋል፤ ይቀጥላል። ውሎ አድሮ አንድ ስም ያለው ፋይል በየቦታው የተለያየ መልክ ይዞ ተገኘ።

የእነዚያ ረዳት ፋይሎች የጋራ ማከማቻ የሆነው ግኑሊብ የተወለደው ከዚህ ጣጣ ነው። እንደ ሌሎቹ ላይብረሪዎች ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። ሞጁል ሞጁል (ክፍል ክፍል) ሆኖ የኮድ ለውጥ ታሪክ በሚመዘግበው በጊት ተቀምጧል። የሚያስፈልጋችሁን ስትጠሩ፣ ግኑሊብ-ቱል የሚባለው መሣሪያ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ፋይል፣ ከኮምፓይል (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ከመተርጎሙ) በፊት የሚደረገውን ፍተሻና አብረው መምጣት ያለባቸውን ሌሎች ሞጁሎች ሰብስቦ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ይከትታል። የዚህ ዓመት ሪሊዝ፣ የዚያ ዓመት ሪሊዝ የሚባል ነገር የለም፤ ዛሬ ያለውን ትወስዳላችሁ። እንደ ኮርዩቲልስ፣ ታር፣ ግሬፕ፣ ሴድ ያሉት የግኑ ፕሮግራሞች ይህን ኮድ ተሸክመው ነው የሚዞሩት። ለብዙ ዓመት ከደከሙበት ሰዎች መካከል ብሩኖ ሃይብልና ፖል ኤገርት አሉ። ኤገርት ኮምፒውተሮቻችን ሁሉ የሚያዩትን የሰዓት ክልል ዳታቤዝም የሚያስተባብር ሰው ነው። ሰውየው መቼ እንደሚተኛ እንጃ።

ከግኑሊብ በፊትም ሌላ አለ፤ የግኑ ኮምፓይለርና የዲበገሩ (የስህተት መፈለጊያው) ሰዎች የሚጋሩት። ስሙ ቀልድ ነው። ላይብረሪ ከፕሮግራም ጋር ሲገናኝ፣ ትእዛዙ ላይ ከስሙ ፊት «ኤል» የምትል ፊደል ትጻፋለች። እነሱ ላይብረሪውን «አይበርቲ» አሉትና ትእዛዙ ሲጻፍ «ሊበርቲ» ሆነ፤ ነጻነት። ጠጋኝ እንዲህ በትንሽ ነገር ነው የሚደሰተው።

የእኛ ላይብረሪ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዘዴውን ግን ከእነሱ ነው የወረስነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። የዚህ ዓይነት ኮድ ሥራው በስርዓተ ክወናዎች መካከል ያለውን ቀዳዳ መድፈን ነው። አንዱ ላይ ያለ ፋንክሽን ሌላው ላይ የለም፤ ወይም አለ ግን ተበላሽቷል። ይህን የሚደፍን ነገር ቀድሞ ተጭኖ ይጠብቀኝ ማለት አይቻልም፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መምጣት አለበት። ስለዚህ ኮፒ አድርጉ። ግን ኮፒው እናት ፋይል እንዳለው አትርሱ።

«እሱ እኮ 20 መስመር ነው፤ ራሴው አስተካክለዋለሁ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ 20 መስመር ነው። ግን እስቲ እነዚያ 20 መስመሮች ምን ምን እንዳዩ ላውራችሁ።

ዜሮ ባይት ሜሞሪ ስጠኝ ብትሉ ምን ይመለስላችኋል? የሲ ስታንዳርድ ሁለት መልስ ይፈቅዳል። አንዱ ስርዓት ባዶ ፖይንተር (የትም የማይጠቁም አድራሻ) ይሰጣችኋል፤ ሌላው ባዶ ያልሆነ። ባዶ ፖይንተር ባየ ቁጥር «ሜሞሪ አልቋል» ብሎ የሚዘጋ ፕሮግራም አንዱ ማሽን ላይ ዓመታት ይሠራል። ሌላው ላይ ባዶ ዝርዝር የሰጡት ቀን ይሞታል። ሜሞሪ ግን ሞልቶ ተርፏል።

የስህተት ቁጥርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፋንክሽን ይብሳል። አንድ ስም፣ ሁለት ፋንክሽን። የፖዚክሱ (የዩኒክስ መሰል ስርዓቶች ስታንዳርድ) ቁጥር ይመልሳል፤ የግኑው ጽሑፉን ራሱን ይመልሳል። የትኛው እንደሚደርሳችሁ የሚወሰነው ከፋይሉ አናት ላይ በጻፋችሁት ማክሮ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ መመሪያ) ነው። በተወሰነ ቦታ ውስጥ ጽሑፍ የሚያትመው ፋንክሽንም አለ። ቦታ ሲጠበው፣ በ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ መሠረት፣ «ይህን ያህል ያስፈልገኝ ነበር» ብሎ ልኩን ይናገራል። ከዚያ በፊት የነበሩት አንዳንዶቹ ግን -1 ብለው ዝም ነው። በዚያ -1 ላይ ሜሞሪ የሚያሰላ ኮድ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የራሳችንን ፊደል እንውሰድ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው። ፊደላትን በባይት በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 9 ባይት ይሆናል። ባይት ቆጥሮ «ርዝመቱ ይህ ነው» የሚል ፋንክሽን ሠንጠረዥ ሲያሰናዳ ዓምዱን ያንጋድደዋል። ጽሑፍ ሲቆርጥ ደግሞ ፊደሉን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀውና ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ይዘራል። በቱርክኛ የላቲኗ ትንሽ «አይ» ወደ ትልቅ ፊደል ስትቀየር ነጥቧን ይዛ ነው የምትሄደው። ይህን ያልጠረጠረ ፕሮግራም እንግሊዝኛ ላይ በደንብ የሚያውቀውን ትእዛዝ ቱርክኛ ሲመረጥ «አላውቅህም» ይለዋል። እነዚህን ሁሉ ያስተማሩን ተጠቃሚዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ እየጻፉልን። ቁጭ ብሎ አስቦ የሚደርስባቸው ሰው የለም።

ሁለት ቁጥር ደምሮ ለሁለት ማካፈል እንኳ ወጥመድ አለው። በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ እያጋመሱ የሚፈልገው የጃቫ ፋንክሽን ለ9 ዓመት ያህል ስህተት ተሸክሞ ኖሮ በ2006 ነው ይፋ የወጣው። ሁለቱ ዳርቻዎች ሲደመሩ ቁጥሩ ከልኩ አልፎ ኔጌቲቭ ይሆናል። ይህ የሆነው መላው ዓለም በሚጠቀምበት መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጊዜ አለ። በ32 ቢት የሚቆጠር ሰከንድ፣ ከ1970 መባቻ ጀምሮ፣ 2,147,483,647 ላይ ያልቃል። ይህም ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 03:14:07 ላይ ነው። ቀጣዩ ሰከንድ ወደ 1901 ይመልሳችኋል። ግኑሊብ ለዚህ ራሱን የቻለ ሞጁል አለው፤ አምጥቶ ኮምፓይል ማድረግ ነው። ግን አንድ ነገር እያየሁ ነው። ኮፒውን ያልነካካ ፕሮጀክት አንድ ትእዛዝ ሰጥቶ አዲሱን ያመጣና ይገላገላል። የነካካው ይፈራል። አዲሱን ካመጣ የራሱ ለውጥ ይጠፋበታል። ለውጡ ምን እንደነበረ ደግሞ አያስታውስም፤ የጻፈው ልጅ ሥራ ቀይሯል። ስለዚህ አይነካም። ዓመት ያልፋል። ኮፒው ያረጃል። እናንተ ያልመለሳችኋት አንዲት መስመር ሌሎቹን መቶ ጥገናዎች በር ላይ አስቁማ ታስቀራለች።

ዕዳው በአንድ ቀን ሲጠየቅ ምን እንደሚመስል ለማየት 2002ን ማስታወስ ይበቃል። በ1995 የወጣውን ዚሊብ የሚባለውን የማመቂያ (ዳታ አሳንሶ የሚያሽግ) ላይብረሪ ሁሉም ሰው ይጠቀምበት ነበር፤ ዛሬም ይጠቀምበታል። በእትም 1.1.3 ውስጥ አንዴ የተለቀቀን ሜሞሪ ደግሞ የሚለቅ ስህተት ተገኘና በማርች ወር እትም 1.1.4 ወጣ። ላይብረሪውን በጋራ የሚጠሩ ፕሮግራሞች አንድ ፋይል ተተካላቸውና ዳኑ። ኮዱን ወደ ሆዳቸው ያስገቡት ግን አንድ በአንድ መታደን ነበረባቸው። ያኔም ኮፒው ሳይነካካ የተቀመጠበት ቦታ ሥራው ፋይል መተካት ብቻ ነበር። የተነካካበት ቦታ በእጅ ማጣጣም ነው፤ ለዚያውም በጥድፊያ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የ2024ቱ ነው።

ማርች 29 ቀን አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ገንቢ፣ ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ሶፍትዌር እትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር (ሰርጎ መግቢያ ኮድ) ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ፍንጩ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር መግቢያ በሆነው በኤስኤስኤች ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ማየቱ ነበር። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለዚያ ግማሽ ሰከንድ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። የጓሮ በሩ ግንባታው ውስጥ (ፕሮግራሙ ከኮዱ ሲዘጋጅ) የገባው «ቢልድ-ቱ-ሆስት» በምትባል አንዲት የማክሮ ፋይል በኩል ነው። ፋይሏ የግኑሊብ ናት። እናቷ የግኑሊብ ናት ልበል። በሪሊዙ ጥቅል ውስጥ የነበረችው ኮፒ ግን ተነካክታ ነበር። የፕሮጀክቱ ጊት ውስጥ አልነበረችም፤ ጥቅሉ ውስጥ ብቻ።

ኮፒዋን ከእናቷ ጋር ያስተያየ ሰው ቢኖር ልዩነቱን ያየው ነበር። ግን ማን ያስተያያል? ቢያስተያይስ ምን ይላል? ሁሉም ሰው ኮፒውን ይነካካል። ተነካክቶ የተገኘ ፋይል ማንንም አያስደነግጥም። በቅን ልብ የተጨመረች «ሲደመር 1» እና ያ ክፉ መስመር ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ከእናቱ የተለየ ፋይል ናቸው። ሌባው የተራመደው ሁላችንም በቅንነት ባስነሳነው አቧራ ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያንን የሠራው ሰው፣ ወይም ቡድን፣ «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ረዳት መስሎ ሠርቷል። ብቻውን፣ ያለ ክፍያ ሲለፋ የነበረውን የኤክስዜድን ባለቤት ደግሞ ሌሎች ስሞች እየተፈራረቁ «ዘገየህ፤ ሰው ጨምር» ሲሉት ነበር። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። የደከመውን ሰው ያገዘው ሌባው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። እኛ ዘንድም «ልርዳችሁ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ዛሬ ከደስታ በፊት ጥርጣሬ ነው የሚቀድመኝ። ጥሩ ስሜት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት ልምጣ። ሰዎች ጥገናቸውን የማይልኩት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንዳንዴ የምናባርራቸው እኛው ነን።

አንድ ልጅ የቀን አንባቢውን ፋንክሽን የሚያስተካክል ፓች (የለውጥ ፋይል) ላከልኝ። ንጹሕ ሥራ ነበር። «ጥሩ ነው፤ ቴስት ጨምርበት» አልኩት። ጨመረ። «የለውጥ መዝገቡን በኛ አጻጻፍ አድርገው» አልኩት። አደረገ። ከዚያ እኔ ጠፋሁ። ቤት ውስጥ ችግር ነበረብኝ፤ ግን ሁለት መስመር መጻፍ አያቅተኝም ነበር። ከሰባት ወር በኋላ ተመልሼ ይቅርታ ስል አድራሻው አይሠራም። ፓቹ ገብቷል። ልጁ ግን እንደገባለት አያውቅም። እሱ ዛሬ ሌላ ቦታ ሌላ ባግ ቢያገኝ ወደ እኛ ይልካል? እኔ ብሆን አልክም።

ስለዚህ «እምቢ» የምንልበትን ምክንያትም ላስረዳ። ላይብረሪው የሁሉም ስለሆነ አንዱን የሚያስደስት ለውጥ ሌላውን ይሰብራል። ሰው የፋንክሽኑ ባህሪ ትንሽ እንዲቀየርለት ይጠይቃል። ጥያቄው ልክ ነው። ግን የድሮውን ባህሪ ያመኑ ፕሮግራሞች ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ ኮፒው የት የት እንዳለ የሚነግረኝ የለም። ያ ነው መልሳችን የሚዘገየው። ትንሽ ነገር ጨምሩ ሲባል የምንግደረደረውም ለዚያ ነው። በ2016 አንድ የ11 መስመር ፋንክሽን የጃቫስክሪፕት ኮድ ማከፋፈያ ከሆነው ከኤንፒኤም ላይ ሲነሳ ስንቱ ግንባታ በአንድ ቀን እንደቆመ ታስታውሳላችሁ። ጽሑፍን ከግራ በክፍት ቦታ የሚሞላ ነገር ነበር እንግዲህ። እያንዳንዷን ጥቃቅን ነገር ራሷን የቻለች ጥገኝነት (ፕሮግራም የሚደገፍበት የውጭ ኮድ) ማድረግም የራሱ መዘዝ አለው።

አሁን ደግሞ ሰው ቀጥራችሁ ለምታሠሩ አለቆች አንድ ቃል።

ከኮፒዎቹ ባለቤቶች መካከል አንዷን አግኝቼ አነጋገርኳት። «ልልክላችሁ ፈልጌ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ አይፈቅድም» አለችኝ። ለምን ብትል አለቃዋ ወይ ፍንክች። ኮዱን ነጻ ስለሆነ ወስደዋል፤ ጥገናው ሲመለስ ግን «የድርጅቱ ንብረት» ሆነ። ሕጋዊ ስጋቱ ይገባኛል። አንዳንድ የግኑ ፕሮጀክቶች ትልቅ አስተዋጽኦ ሲሆን የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ወረቀት ያስፈርማሉ፤ አሠሪውም እንዲፈርም ይጠይቃሉ። ግን የግኑ መመሪያ ራሱ ከ15 መስመር በታች የሆነ ለውጥን በሕግ ዓይን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አብዛኛው የምናገረው ጥገና ከ15 መስመር አይበልጥም። የሚበልጥም ከሆነ አንዴ ፈርሙና ተገላገሉ። ሠራተኛችሁ ያንን ለውጥ በየዝመናው በእጅ ስታጣጥም የምታጠፋው ጊዜ ከዚያ ወረቀት ይበልጥባችኋል።

ገንዘብ አልጠየቅኩም፤ ልብ በሉ። ስለ ገንዘቡ ብዙ ተብሏል። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ሲፈነዳ፣ የኢንተርኔቱን ግማሽ የተሸከመው የምስጠራ ላይብረሪ ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር አካባቢ እንደነበር ስንሰማ ሁላችንም ደንግጠናል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ተሻሽሏል። ጀርመን በ2022 ለእንዲህ ዓይነት መሠረታዊ ኮድ የሚውል የመንግሥት ፈንድ መሥርታለች። ጥሩ ነው፣ ይልመድባቸው። ገንዘብ ግን አንድ ሰው ኮፒው ውስጥ ቀብሮ የተወውን መልስ አይነግረኝም።

የምለምናችሁ ይህንን ነው። ዛሬ፣ ወይም ይህ ሳምንት ሳያልቅ፣ ከሌላ ቦታ ያመጣችሁትን የረዳት ፋይል ፎልደር ክፈቱ። እያንዳንዱን ፋይል ከእናቱ ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካገኛችሁና ምክንያቱን ካወቃችሁ ላኩት። ፓቹ ያማረ መሆን የለበትም። ቴስት ባይኖረው፣ መዝገቡ ባይጻፍ ግድ የለም፤ እኛ እንጨርሰዋለን። «እዚህ መስመር ላይ ይህን ቀይረናል፤ ምክንያቱም ይህ ሆነብን» የምትል ሦስት መስመር ደብዳቤ ትበቃናለች። ምክንያቱን ካላወቃችሁም ላኩት። ምናልባት እኛ እናውቀው ይሆናል። ምናልባትም ማንም የማያውቀው መስመር ሆኖ ይገኛል፤ ያ ከሆነ ደግሞ በጣም በፍጥነት ላኩት።

ለውጣችሁ ለእናንተ ብቻ የሚጠቅም ሆኖ ለኛ የማይሆን ከሆነ፣ የመጣውን ፋይል አትንኩት። ለውጡን ለብቻው በፓች መልክ አስቀምጡት። ግኑሊብ-ቱል ለዚህ የሚሆን መንገድ አለው፤ የራሳችሁን ለውጥ የያዘ ፎልደር ትጠቁሙታላችሁ፣ ሲያመጣ ከዋናው ጋር ያዋህደዋል። ያኔ ዋናው ዋና፣ የእናንተው የእናንተ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የእኛን ላይብረሪ ለምትጠቀሙም ተመሳሳይ ነገር እየሠራን ነው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። ፋይሉ መቼ፣ ከየትኛው ኮሚት (በጊት ከተመዘገበ ለውጥ) እንደተወሰደም አንድ መስመር ጻፉ። ከሪሊዝ በፊት በሚሄደው አውቶማቲክ ቴስት ላይ «ኮፒው ከእናቱ ጋር አንድ ነው ወይ?» የምትል ፍተሻ ብትጨምሩበት ደግሞ በእኔ ቤት ትልቅ ውለታ ነው።

ከኛ በኩል ደግሞ ይኸው ቃሌ። ለሚመጣ ጥገና ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ቢያንስ «ደርሶናል» የምትል መልስ አለ። እኔ ካልቻልኩ ሌላው ይመልሳል፤ ተፈራርቀን እንድንሠራ ተስማምተናል። ቴስት የመጻፍ ሥራ ከእንግዲህ የላኪው ግዴታ አይደለም። ኮፒ እንዳላችሁ ብቻ ብትነግሩንም ስማችሁን እንመዘግባለን። ቀጥሎ የሚያስቸኩል ነገር ሲገኝ እንደኔ በየቤቱ እያንኳኳን አናድርም።

በመጨረሻም ለአንተ፣ ወይም ለአንቺ፤ ከአራት ዓመት በፊት ያቺን «ሲደመር 1» ለጻፍከው ሰው። ባለፈው ማክሰኞ ወደ ዋናው ኮድ አስገብቻታለሁ። አንዲት መስመር ስለሆነች ወረቀት አላስፈለጋትም። ያለህበትን ፕሮጀክት ብጽፍለት መልስ አላገኘሁም፤ ሥራውን ትተህ ሄደህ ይሆናል። በኮሚቱ መግለጫ ላይ መፍትሔውን መጀመሪያ ያገኘው ሌላ ሰው ነው ብዬ ጽፌአለሁ። ስምህን ግን ሳትፈቅድ ላወጣው አልፈለግኩም፤ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ። ካየኸው ጻፍልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ከላይብረሪው ጠጋኞች አንዱ